ጋንስባይ የሻርክ ኬጅ ዳይቪንግ፦ ነጩን ሻርክ ፍለጋ ለምትሄዱ

ኬፕ_ሰፈሬ

ሰላም ለሁላችሁ። ደቡብ አፍሪካ፣ ጋንስባይ ሄጄ በብረት ፍርግርግ (ኬጅ) ውስጥ ሆኜ ሻርክ ያየሁበትን ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚጠይቀኝ ሰው በዛ። ስለዚህ ለሁላችሁም እዚሁ ልጻፈው።

መጀመሪያ ዋናውን ተናግሬ ልገላገል። ነጭ ሻርክ አላየሁም። ፎቶው ላይ ያለው ብሮንዝ ዌለር የሚባል ሌላ ዝርያ ነው። እሱም ትልቅ ነው፤ እሱም ያስደነግጣል። ግን በየማስታወቂያው አፉን ከፍቶ የምታዩት ያ ግዙፉ አይደለም። ከጆበርግም ሆነ ከአዲስ አበባ ቲኬት ለመቁረጥ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን አውቃችሁ ኑ።

ቦታው ጋንስባይ ነው። ከኬፕታውን በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ። ያረፋችሁበት ድረስ መጥተው ይወስዷችኋል፤ ችግሩ የሚመጡት ሌሊት አስር ሰዓት ላይ መሆኑ ነው። ጀልባዎቹ የሚነሱት ከጋንስባይ አለፍ ብላ ካለችው ክላይንባይ ከምትባል ትንሽ ወደብ ነው። እዚያ ቁርስ ይሰጣሉ፣ ገለጻ ያደርጋሉ፣ ከዚያ «አንድ ነገር ብሆን ማንንም አልከስም» የሚል ወረቀት ያስፈርማሉ። አብራኝ የሄደችው የአክስቴ ልጅ ወረቀቱን አንብባ ስትጨርስ «ለካ ቁርሱን ያስቀደሙት እንዳንሸሽ ነው» አለች።

ጀልባውን ወደ ውሃ የሚያስገባው ትራክተር ነው። ከዚያ ወደ ዳየር ደሴት አቅጣጫ ትሄዳላችሁ። ከደሴቱ አጠገብ ጋይዘር ሮክ የሚባል ዓለት አለ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሲሎች ተኝተውበታል፤ ጢም ያላቸው፣ የብስ ላይ በመቅዘፊያ መሳይ እግራቸው የሚራመዱ የባሕር እንስሳት ናቸው። ገና ሳታዩዋቸው ሽታቸው ይደርሳችኋል። በደሴቱና በዓለቱ መካከል ያለው ጠባብ ውሃ «ሻርክ አሊ» ይባላል። ነጮቹ ሻርኮች ድሮ ሲሎቹን የሚያድኑት እዚያ ነበር።

መልህቅ ከተጣለ በኋላ አንዱ ሠራተኛ የተፈጨ ዓሣና የዓሣ ዘይት ከባሕር ውሃ ጋር እየበጠበጠ በጆግ ይደፋል። ሽታው እንዳይደርስባችሁ ከነፋሱ ራቁ፤ እኔ ጃኬቴን ሦስቴ አጥቤው አሁንም ይሸታል። ሻርኩ እሱን ተከትሎ ነው የሚመጣው። ሌላው ሠራተኛ በገመድ የታሰረ የዓሣ ጭንቅላት ይወረውራል። በሌላ ገመድ ደግሞ ሲሎቹን መስሎ የተሠራ ነገር ውሃው ላይ ይንሳፈፋል።

ዌትሱቱ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚለበሰው ልብስ፣ ወፍራም ላስቲክ ነው። እኛ የደረሰን ሌላ ሰው ያወለቀው፣ ገና እርጥብ የሆነ ነበር። ለመልበስ ብቻ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ወገባችሁ ላይ የእርሳስ ቀበቶ ያስሩላችኋል። ኬጁ ከጀልባው ጎን የታሰረ የብረት ፍርግርግ ነው። አናቱ ከውሃው በላይ ስለሚቀር ቆማችሁ አየር ትስባላችሁ። የአየር ሲሊንደር የለም። ሰውየው «ዳውን! ዳውን ሌፍት!» ብሎ ሲጮህ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ትሰምጣላችሁ፤ ወደ ግራ ታያላችሁ፤ ትወጣላችሁ። በቃ ይኸው ነው ዳይቪንጉ።

ውሃው አረንጓዴ ነው። ከሁለት ሦስት ሜትር በላይ አያሳይም። የመጀመሪያዎቹን ጥሪዎች ሰምጬ ያየሁት የራሴን አረፋ ብቻ ነው። ከዚያ አንዴ ወደ ታች ስል ከፊቴ ያለው አረንጓዴ ጠቆረ። ቀስ እያለ ቅርጽ ያዘ። እየዋኘ አይመስልም፤ የሚገፋው ሰው ያለ ነው የሚመስለው። እጄን ብዘረጋ በምነካው ርቀት አለፈ። ቆዳው እንደ አሮጌ ነሐስ ያብረቀርቃል። ዓይኑ ክብ ናት፤ እያለፈ ታየኛለች። ሆዱ ነጭ ነው። ጎኑ ላይ የተጫረ ጠባሳ ነበረው። በአፉ ጥግ ደግሞ የዛገ የዓሣ መንጠቆ ተሰክቶ ነበር፤ ከጫፉ የተበጠሰ ክር ተንጠልጥሎ ከኋላው ይጎተታል። ከሁሉም ትዝ የሚለኝ ያ መንጠቆ ነው።

ከታች አሸዋው ላይ ደግሞ ትልልቅ ስቲንግሬዮች ነበሩ። ጠፍጣፋ፣ ጅራታም ዓሦች። ማንም አላስተዋላቸውም፤ ሁሉም ሻርኩን ሲያይ።

ዋጋው እንደ ድርጅቱና እንደ ወቅቱ ይለያያል። ከ2,000 ራንድ በላይ አስቡ። ጥያቄ ካለ ወዲህ በሉ።

ጂፒ_ስትሪት

ሃሃ እህቴ፣ እኔ እኮ በየቀኑ ኬጅ ውስጥ ነኝ። ሎኬሽን (የጥቁሮች ሰፈር) ውስጥ በፍርግርግ ቀዳዳ ዳቦና ኤርታይም ስሸጥ ስንት ዓመቴ። ከውጭ ያለው አንዳንዱ ከሻርክ ይብሳል። ለዚህኛው ግን ከፍሎ የሚያየኝ ቱሪስት የለም።

ቀዝቃዛ_ውሃ

አንድ ነገር ልጠይቅ። ዋና አልችልም። ሐዋሳ አድጌ ሐይቁን ከዳር ሆኜ ነው የማውቀው። መግባት እችላለሁ?

ኬፕ_ሰፈሬ

@ቀዝቃዛ_ውሃ ትችላለህ። የአክስቴ ልጅም አትችልም። ኬጁ ውስጥ አትዋኝም፤ ብረት ይዘህ ነው የምትቆመው። ከውስጥ በኩል የእጅ መያዣ ብረት አለ። እሱን ብቻ ያዝ። እግርህንም ከታች ባለው ብረት ስር ታስገባለህ፤ ያኔ ማዕበሉ አያንሳፍፍህም። የውጩን ፍርግርግ አትያዝ፤ ጣት ወደ ውጭ አይወጣም። ለጎፕሮ ካሜራም ብለህ እጅህን አታውጣ። ቢከብድህ እጅህን ታነሳለህ፤ ያወጡሃል።

ብርዱ ግን ሌላ ነገር ነው። ውሃው 13 እና 14 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ በአንገትህ በኩል ሲገባ የእናትህን ስም ትጠራለህ።

ባዮሎጂ_12ኛ

ጥሩ አድርገሽ ጽፈሻል። ነጩ ለምን እንደጠፋ ለማያውቁት ልጨምር።

ጋንስባይ ለረጅም ጊዜ የዓለም የነጭ ሻርክ ዋና ከተማ ትባል ነበር። ደቡብ አፍሪካም እ.ኤ.አ. በ1991 ነጭ ሻርክን በሕግ የጠበቀች የመጀመሪያዋ አገር ናት። ነገሩ የተገለበጠው በ2017 ነው። በዚያ ዓመት ጋንስባይ አካባቢ አምስት የነጭ ሻርክ ሬሳ ወደ ዳር ተተፍቶ ተገኘ። አንዷ ወደ 5 ሜትር የምትጠጋ ሴት ነበረች። ሲመረመሩ አብዛኞቹ ጉበት የላቸውም። ሌላው ሥጋ እንዳለ ነው፤ ጉበቱ ብቻ ተመርጦ ወጥቷል።

ይህን ያደረጉት ኦርካዎች ናቸው፤ ጥቁርና ነጭ ቀለም ያላቸው ትልልቅ አዳኝ የባሕር አጥቢዎች። ሁለት ወንዶች አሉ፤ ፖርት እና ስታርቦርድ ይባላሉ። የጀርባ ክንፋቸው ተጣሟል፤ የአንዱ ወደ ግራ፣ የአንዱ ወደ ቀኝ። በዚህ ከሩቅ ይለያሉ። የሻርክ ጉበት ትልቅና በዘይት የተሞላ ስለሆነ ኦርካው ሌላውን ትቶ እሱን ይበላል።

በግንቦት 2022 ደግሞ ከጋንስባይ በስተምሥራቅ ባለችው ሞሰል ቤይ ላይ ኦርካዎች ነጭ ሻርክ ሲገድሉ በድሮን ተቀረጸ። በ2023 እዚያው ሞሰል ቤይ ስታርቦርድ ብቻውን 2.5 ሜትር የሚሆን ወጣት ነጭ ሻርክ ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ገደለ።

ዋናው ነገር የሞቱት ብዛት አይደለም። የቀሩት መሸሻቸው ነው። ኦርካ ባለፈ ቁጥር ነጮቹ ለሳምንታት፣ ኋላ ላይም ለወራት አካባቢውን ለቀው ይሄዱ ነበር። በመጨረሻ መመለሱን ተዉት። ቦታው ባዶ ሲቀር ብሮንዝ ዌለሮቹ ገቡ። አንቺ ያየሽው እነሱን ነው።

ጂፒ_ስትሪት

ጉበት ብቻ? ኦርካው አበሻ ነው እንዴ። ጥሬውን ከሚጥሚጣ ጋር ስጡት።

የመረብ_ነገር

@ባዮሎጂ_12ኛ ወንድሜ፣ ያልከው እውነት ነው፤ ግን ግማሹን ነው የተናገርከው። እኔ የምኖረው ድሮ ፖርት ኤልዛቤት ይባል የነበረው ከተማ ነው። ዓሣ ማቀዝቀዣ ቤት ሠርቻለሁ። ሁሉንም ነገር በሁለት ኦርካ እናላክክ ካልን ሰው ነፃ ወጣ ማለት ነው።

መጀመሪያ፣ ነጭ ሻርክ ሲሎችን ብቻ አይበላም። ወጣቶቹ በተለይ ትናንሽ ሻርኮችን ይበላሉ። እነዚያን ትናንሽ ሻርኮች ደግሞ ጀልባዎች ብዙ መንጠቆ በተንጠለጠለበት ረጅም ገመድ ያነሷቸዋል። ሥጋቸው ወደ አውስትራሊያ ይሄዳል፤ እዚያ ከድንች ጥብስ ጋር ይበላል። ቀለቡን ወስደህ እንግዳው ለምን ቀረ ማለት አይቻልም። @ኬፕ_ሰፈሬ ያየሽው መንጠቆ ከየት የመጣ ይመስልሻል?

ሁለተኛ፣ ክዋዙሉ ናታል ጠረፍ ላይ የሻርክ መረብ አለ። ደርባን ላይ የተጀመረው በ1952 ነው። ዋናተኛ ለመጠበቅ ነው የሚባለው። በዚያ መረብና በከበሮ መንጠቆ (ከተንሳፋፊ ላይ የሚንጠለጠል ማጥመጃ ያለው መንጠቆ) ነጭ ሻርክ ዛሬም ይያዛል፤ ብዙውም ይሞታል። በአንድ በኩል ሕግ ይጠብቀዋል፣ በሌላ በኩል የመንግሥት መረብ ይገድለዋል።

ባዮሎጂ_12ኛ

@የመረብ_ነገር መረቡን አልካድኩም። ግን መረቡ ከ1952 ጀምሮ ነበር። ጋንስባይ ላይ በ2000ዎቹ በአንድ ጉዞ ብዙ ነጭ ይታይ ነበር። መረቡ ቢሆን ኖሮ ያኔ ይጠፉ ነበር። ድንገት የጠፉት በ2017 ነው፤ ሬሳው በተገኘበት ሰሞን።

የመረብ_ነገር

ኬፕታውን አጠገብ ያለው ፎልስ ቤይ ላይስ? እዚያ መመናመን የጀመሩት ድንገት አይደለም። ደግሞ ሴቷ ነጭ ሻርክ ለመውለድ እስክትደርስ ከ30 ዓመት በላይ ሊፈጅባት ይችላል። እንዲህ ያለ ፍጥረት በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ሲገደል ወዲያው አይታወቅም። የሚታወቀው ከጊዜ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ የመጨረሻውን ዱላ የመታው ኦርካ ስለሆነ ስሙ እሱ ላይ ይቀራል።

ባዮሎጂ_12ኛ

ይሄን እቀበላለሁ። ሁለቱም አለበት። በነገራችን ላይ ሳይንቲስቶቹም አልተስማሙም። በ2023 የወጣ አንድ ጥናት አጠቃላይ ቁጥሩ አልቀነሰም፤ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሞሰል ቤይና አልጎዋ ቤይ በኩል ነው የሄዱት አለ። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ መረጃው ይህን ለማለት አያበቃም ብለው መልስ ጻፉበት። እኔ በግሌ ወደ ሁለተኞቹ አደላለሁ። ምክንያቱም ሞሰል ቤይም ኦርካ ከመጣ በኋላ ሳስቷል። ሁሉም ወደ ምሥራቅ ሄደው ከሆነ ምሥራቁ መሙላት ነበረበት።

የሆሳዕና_ልጅ_ጋንስባይ

ሰላም ወገኖቼ። እኔ እዚሁ ጋንስባይ ነኝ፤ ማሳካኔ ሎኬሽን ውስጥ ሱቅ አለኝ። ስለ ሻርክ ሳይንስ አላውቅም፤ ስለ ሻርክ ብድር ግን አውቃለሁ።

እንዴት መሰላችሁ። ደንበኞቼ ጀልባ የሚያጥቡ፣ ለቱሪስት ቁርስ የሚሠሩ፣ ሚኒባስ የሚነዱ፣ እንግዳ ማረፊያ የሚያጸዱ ናቸው። ነጩ ሻርክ ጠፋ የተባለ ጊዜ ቱሪስቱ ቀነሰ። ቱሪስቱ ሲቀንስ የሥራ ቀናቸው ተቆረጠ። ቀናቸው ሲቆረጥ የእኔ የዱቤ ደብተር ወፈረ። ከዚያ ኮሮና መጣ፤ እሱን አላወራም።

አሁን እንደገና ሰው አለ። ጀልባዎቹ ይወጣሉ። ዌል (ዓሣ ነባሪ) ለማየትም የሚመጣ ብዙ ነው። ግን ድሮ የነበሩት ልጆች «ያኔ እንዲህ አልነበረም» ይላሉ። አንዱ ደንበኛዬ ጀልባ ላይ ዓሣ የሚደፋው ልጅ ነው። ነጭ ሲመጣ ቱሪስቱ ሳይሆን እኛ ነን የምንጮኸው ብሎኛል።

ሌላም ልንገራችሁ። እዚህ ሥራ ሲጠፋ ወጣቱ የሚሄደው ወደ ፐርለሙን ነው። ከዓለት ላይ የሚነቀል፣ ቅርፊት ያለው የባሕር እንስሳ ነው፤ ቻይና ውድ ነው። ያለ ፈቃድ ማውጣት ወንጀል ነው፤ ሌሊት ሌሊት ይሄዳሉ፤ ሰምጦ የቀረም አለ። ስለዚህ የሻርኩ ነገር ለእኛ ሠፈር ፎቶ ብቻ አይደለም።

ኬፕ_ሰፈሬ

@የሆሳዕና_ልጅ_ጋንስባይ እግዜር ይስጥህ ወንድሜ፤ ይህን ከየትም አላገኘውም ነበር። በሚቀጥለው ስመጣ ሱቅህ ጎራ ብዬ ቡና እጠጣለሁ።

የሆሳዕና_ልጅ_ጋንስባይ

ነይ፤ ጀበናውም አለ። ዕጣን ግን ከኬፕታውን ይዘሽ ነይ፤ አልቆብናል።

አደላይድ_ነኝ

ከደቡብ አውስትራሊያ ሰላምታ። ነጭ ሻርክ የግድ ማየት ለሚፈልግ ሰው እዚህ ከደቡብ አፍሪካ የተሻለ ዕድል አለው። ቦታው ኔፕቱን ደሴቶች ነው። ከፖርት ሊንከን በጀልባ ብዙ ሰዓት ያስኬዳል፤ ባሕሩም ክፉ ነው። በአውስትራሊያ ለነጭ ሻርክ ኬጅ የተፈቀደው እዚያ ብቻ ነው።

የኬጁ ነገርም የተጀመረው ከዚህ ነው። ሮድኒ ፎክስ የሚባል ሰው በ1963 በጦር ዓሣ የማደን ውድድር ላይ እያለ ነጭ ሻርክ ደረቱን ነከሰው። ከ400 በላይ ስፌት ተሰፋ። ሰውየው ግን ባሕር በቃኝ አላለም። የእንስሳት ማቆያ ውስጥ አንበሳው በፍርግርግ ከሰው ተለይቶ ሲያይ ነው አሉ ሐሳቡ የመጣለት፤ አንበሳው ውስጥ ከሚሆን ሰው ውስጥ ቢሆንስ ብሎ። ከዚያ የነከሰውን እንስሳ ሲያጠናና ሲከራከርለት ኖረ።

እዚህ አንዱ ጀልባ ደም አይደፋም፤ ውሃ ውስጥ ሙዚቃ ያሰማል። ሻርኩ ጎርናና ድምፅ ይስበዋል። እኔ የገባሁት በሱ ነው። ሮክ ነበር የሚጮኸው። ጥላሁን ገሠሠን ብትሞክሩት ምን ይላል ብዬ ጠይቄያቸው አልገባቸውም።

ነጩን ስላየሁት አንድ ነገር ልበል። ርዝመቱ አይደለም የሚያስደነግጠው። ውፍረቱ ነው። ሲያልፍ አያልቅም። ብሮንዝ ዌለር አጠገብ ሆኜ አላውቅም፤ ግን ፎቶሽን ሳይ ቀጭን ነው።

ቀዝቃዛ_ውሃ

ይቅርታ፣ ሻርኩ ኬጁን ሰብሮ ቢገባስ? ቪዲዮ አይቻለሁ።

አደላይድ_ነኝ

@ቀዝቃዛ_ውሃ ያየኸው የሜክሲኮው ይሆናል፤ ጓዳሉፔ ደሴት፣ 2016። ሻርኩ ማጥመጃውን ተከትሎ ሲወረወር በኬጁ ፍርግርግ መካከል ሰተት ብሎ ገባ። ሻርክ ወደ ኋላ መዋኘት አይችልም። ስለዚህ መውጣት አቅቶት ተንደፋደፈ። ውስጥ የነበረው ሰው በሕይወት ወጣ፤ ሻርኩም በላይኛው በር ወጣ። ሊበላው አልነበረም የገባው።

እዚያው ጓዳሉፔ በ2019 ሌላ ሻርክ ጭንቅላቱ ኬጅ ውስጥ ተሰንቅሮ ሞተ። የሜክሲኮ መንግሥት በ2023 መጀመሪያ ላይ ደሴቲቱን ለሻርክ ቱሪዝም ጨርሶ ዘጋት።

ፍጥረትን_ተዉት

እኔም ይህን ልል ነበር። ደም እየደፋችሁ፣ ዓሣ እያሳያችሁ እየከለከላችሁ፣ ለፎቶ ብላችሁ ታንገላቱታላችሁ። ከዚያ ሻርክ ዋናተኛ ሲነክስ ሰው በላ ትላላችሁ። ሰው ሲያይ ምግብ ትዝ እንዲለው ያስተማረው ማን ነው? ጅብ በእጁ የሚያበላ የሐረር ሰው እንኳ ያበላዋል፤ እናንተ አሳይታችሁ ትነጥቁታላችሁ።

ኬፕ_ሰፈሬ

@ፍጥረትን_ተዉት ጥያቄህ ተገቢ ነው። እኔም ጀልባው ላይ ጠይቄያለሁ። እዚህ ፈቃዱ ሻርኩን መመገብ አይፈቅድም። ለዚህ ነው የሚነጥቁት፤ ምግብ አገኛለሁ ብሎ እንዳይለምድ። ሁልጊዜ ይሳካል ወይ? አይሳካም። እኛ እያለን አንዱ ገመዱን በጥርሱ ይዞ ዓሣውን ይዞ ሄደ። ሠራተኛው ተናደደ፤ ቱሪስቱ አጨበጨበ። ማጨብጨቡ ደስ አላለኝም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ግን ሻርክን የፈጀው ኬጅ አይደለም። ዓሣ ማጥመድ ነው። በዓመት ወደ 100 ሚሊዮን ሻርክ እንደሚገደል በ2013 የወጣው ግምት ይናገራል። ሳይተነኩሰው ሻርክ የሚገድለው ሰው ደግሞ በዓለም ዙሪያ በአማካይ በዓመት ስድስት ገደማ ነው። ጀልባው ላይ ያሉት ልጆች የሻርኮቹን ክንፍ ፎቶ ያነሳሉ፣ የመጣውን ሁሉ ይመዘግባሉ። ኦርካው ሲመጣ መጀመሪያ ያወቁት እነሱ ናቸው። ጀልባው ባይኖር ነጩ መጥፋቱንም የሚያውቅ አይኖርም ነበር።

ፍጥረትን_ተዉት

ይህን አልክድም። ግን ለሳይንስ ከሆነ ሳይንቲስቱ ይሂድ። እኔ ከዳር ሆኜ ዌሉን አያለሁ፤ ለጋንስባይ ቅርብ በሆነችው ሄርማነስ ላይ ከገደሉ ጫፍ ቁጭ ብሎ በነፃ ይታያል። ሳይረበሽ፣ ሳይሸት።

ኬፕ_ሰፈሬ

ሄርማነስ ላይማ ተስማምተናል።

እትዬ_ቡና

ልጆቼ፣ እኔ የምጽፈው ከዲሲ ነው። ልጄ ለእረፍት ኬፕታውን ሄዶ ይህን ነገር ካልገባሁ አለኝ። ኢንተርኔት ላይ ሳይ ጋንስባይ ላይ ሰው ሞቷል ይላል። እውነት ነው? እባካችሁ ሳታለባብሱ ንገሩኝ።

የሆሳዕና_ልጅ_ጋንስባይ

እትዬ፣ እውነት ነው። በፈረንጆቹ 2008 አንድ የሻርክ ጀልባ በትልቅ ማዕበል ተገልብጦ ሦስት ቱሪስቶች ሞተዋል። እኔ ያኔ አልነበርኩም፤ እዚህ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ሻርክ አይደለም የገደላቸው። ባሕሩ ነው።

ስለዚህ ለልጅዎ የሚነግሩት ስለ ሻርኩ አይሁን። ጠዋት ካፒቴኑ «ዛሬ ባሕሩ አይሆንም» ካለ አይከራከር፤ ገንዘቤን ብሎ አይጨቃጨቅ። እኛ ከሱቅ ሆነን ነፋሱን እናውቀዋለን፤ ጀልባዎቹ ሳይወጡ የሚውሉበት ብዙ ቀን አለ። ላይፍ ጃኬቱን ጀልባው ላይ እስካለ አያውልቅ።

ኬፕ_ሰፈሬ

እትዬ፣ እኛም የመጀመሪያው ቀጠሮ በነፋስ ተሰርዞብናል። ገንዘቡን ወደ ሌላ ቀን አዞሩልን። ልጅዎ ሲመዘግብ ፈቃድ ያለው ጀልባ መሆኑን ይጠይቅ፤ ቢሰረዝ ገንዘቡ ምን እንደሚሆንም ቀድሞ ይጠይቅ። ሌላ ደግሞ «ሻርክ ይታያል» ሲሉት «የትኛው ሻርክ?» ይበል። እኛ የያዝንበት ወኪል ድረ ገጹ ላይ ያለው ሁሉ ነጭ ሻርክ ነው፤ ብሮንዝ ዌለር የሚል ቃል የትም የለም። ጀልባው ላይ ያሉት ልጆች ግን ገና በገለጻው ላይ በግልጽ ነገሩን።

እትዬ_ቡና

ተባረኩ። ሌሊት አስር ሰዓት መነሳት ካለበት ራሱ ይቀራል፤ ልጄን አውቀዋለሁ።

የታሪክ_ወዳጅ

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ጋንስባይ አጠገብ ዴንጀር ፖይንት የሚባል ቦታ አለ፤ መብራት ቤት አለበት። በ1852 በርከንሄድ የምትባል የእንግሊዝ ወታደር ጫኝ መርከብ ሌሊት ዓለት መትታ የሰጠመችው እዚያ ነው። ከ600 በላይ ሰው ነበረባት። ጀልባው ለሁሉም አልበቃም። ወታደሮቹ መርከቡ እየሰጠመ ተሰልፈው ቆሙ፤ ሴቶችና ሕፃናት በሙሉ ዳኑ። ወታደሮቹ አብዛኞቹ አለቁ፤ ሻርክ የወሰደውም አለ። ጊዜ ካላችሁ ከጀልባው ስትመለሱ ወደ መብራት ቤቱ ጎራ በሉ።

ባዮሎጂ_12ኛ

@የታሪክ_ወዳጅ ከርዕሱ ከወጣን አይቀር እኔም ላክል። በኅዳር 2003 ኒኮል የተባለች ነጭ ሻርክ እዚህ ደቡብ አፍሪካ መከታተያ ተደረገላት። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ አውስትራሊያ ጠረፍ ተገኘች። በነሐሴ 2004 ደግሞ ተመልሳ እዚህ ታየች። ደርሶ መልስ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በዘጠኝ ወር ገደማ ጊዜ። ለዚህ ነው ነጮቹ «ሄዱ» ሲባል የት እንደሄዱ ለመናገር የሚያስቸግረው። ሰፈራቸው ውቅያኖሱ በሙሉ ነው።

ጂፒ_ስትሪት

እሷ ያለ ቪዛ። እኔ አሳይለሜን (የጥገኝነት ወረቀቴን) ለማደስ ፕሪቶሪያ ስመላለስ።

ማኅሌት_ነች

የእኔ ጥያቄ ቀላል ነው፤ ማንም ስላላነሳው ነው። ጾመኛ ነኝ። ባሕር እንደሚያጥወለውል ሰምቻለሁ። ባዶ ሆዴን ብሄድ ይሻላል ወይስ ይብሳል? ለመታየት ጥሩው ወቅትስ መቼ ነው?

ኬፕ_ሰፈሬ

@ማኅሌት_ነች ባዶ ሆድ ይብሳል እህቴ። ጀልባው መልህቅ ጥሎ ሲቆም ነው የሚያጥወለውለው፤ ሲሄድ ምንም አይልም። እኛ ጋ የነበሩ ሁለት ፈረንጆች ቁርስ ሳይበሉ መጥተው ኬጁን ሳያዩ ሲያስመልሱ ዋሉ። የማቅለሽለሽ ኪኒኑን ከመነሳትሽ በፊት ነው የምትወስጂው፤ ከጀመረሽ በኋላ አይረዳም። ደረቅ ነገር ብዪ፤ ቂጣም ቢሆን ይሆናል። ዝንጅብልም ይዘሽ ነይ።

ወቅቱን በተመለከተ ውሃው በብዛት የሚጠራው በእነሱ ክረምት ነው፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ። ችግሩ ያኔ የሐዋርያት ጾም አለ፤ ከዚያ ፍልሰታ ይከተላል።

ማኅሌት_ነች

እና መካከሉ?

ኬፕ_ሰፈሬ

መካከሉ ነው የሚሆንሽ። ሐምሌ 5 የሐዋርያት ጾም ይፈታል፤ ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1 ነው። በፈረንጅ ከጁላይ 12 እስከ ኦገስት 6 ማለት ነው። ረቡዕና ዓርብን ዝለይ። ማክሰኞ ወይም ቅዳሜ ያዢ፤ በነፋስ ቢሰረዝብሽ ማዞሪያ እንዲኖርሽ ደግሞ የመጨረሻውን ሳምንት አትጠብቂ።

ማኅሌት_ነች

ሐምሌ 7 ቅዳሜ ከሆነ እሱን እይዛለሁ። ዌትሱቱ በቀሚስ ላይ ይለበሳል?

ኬፕ_ሰፈሬ

አይለበስም። ከውስጥ የዋና ልብስ ወይም ጥብቅ ታይት አድርጊ። ፎጣ ሁለት ያዢ፤ አንዱ ለፀጉርሽ።